በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቀላል ዌብ ሰርቨር ማቋቋም፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለ ሰው እንዲነሣ አድርጎ

ከደሴና ከኮምቦልቻ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍሎች፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከትንንሽ ቢሮዎች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው «ኢንተርኔት ባይኖርም ተማሪዎች በስልካቸው መጽሐፍና ማስታወሻ የሚከፍቱበት ገጽ በግቢያችን ውስጥ ማቆም እንችላለን ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ያቆምነው ሰርቨር መብራት በሄደ ቁጥር ለምን ተመልሶ አይነሣም?» የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ ይቻላል። የሁለተኛው መልስ ግን ከማሽን መረጣ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሙከራ ድረስ በእያንዳንዱ ደረጃ ውስጥ ስላለ፣ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳይዘሉ እንዲከተሉት አደራ እላለሁ።

የምንጠቀመው ዌብ ሰርቨር፣ ማለትም ገጾችንና ፋይሎችን በኔትወርክ ለጠየቀው ሁሉ የሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ላይትቲፒዲ ይባላል፤ የሚሠራውም ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ነው። የሚያቀርበው ነገር ፒዲኤፍ፣ ሥዕል፣ ቪዲዮና ተራ ገጽ ብቻ ከሆነ ጥቂት ሜጋባይት ራም ይበቃዋል። ስለዚህ ዊንዶውስ ከብዶት ከመጋዘን የተቀመጠ ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዚህ መመሪያ ውስጥ ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እንደ ድምፃቸው በአማርኛ ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል፣ ልዩ ማሳሰቢያ ከሌለ በቀር ሁሉንም በትንሹ ሆሄ ያድርጓቸው። የስሙን የመጀመሪያ ሁለትና ሦስት ፊደላት ጽፈው «ታብ» የሚለውን ቁልፍ ከተጫኑ ማሽኑ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል፤ ካልሞላው አንድ ፊደል ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ልማዱ ከብዙ ድካም ያድናል። የሰርቨሩ ስም ራሱ በላቲን ኤል፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ፣ ቲ፣ ፒ፣ ዲ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ብዙ ሰው መሐል ላይ ሌላ «ኤች» ይጨምርበታል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አላገኘሁም ይላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ ዴስክቶፕ ወይም ላፕቶፕ። 2 ጊጋባይት ራም በቂ ነው። ኮር 2 ዱዎና ከዚያ በኋላ የመጡት የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች 64 ቢት ስለሆኑ አያስቸግሩም። 32 ቢት ብቻ የሆነ አሮጌ ማሽን ከሆነ ዴቢያን 13 ስለማይጫንበት ዴቢያን 12ን ያዘጋጁ።
• 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ባዶ ፍላሽ። በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል።
• ዋይፋይ ያለው ራውተር፣ እንዲሁም ሰርቨሩን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝ የኔትወርክ ኬብል። የአንድ ኬብል ርዝመት ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።
• ስታቢላይዘር፤ ከተቻለ ደግሞ ዩፒኤስ።
• ሲአር 2032 የተባለችው ክብ የማዘርቦርድ ባትሪ። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ጥቅሟን ግን ደረጃ 1 ላይ ያዩታል።
• ለአንድ ቀን ብቻ ኢንተርኔት። ከተጫነ በኋላ ሰርቨሩ ለሥራው ኢንተርኔት አይፈልግም።
• ለመጫኛው ጊዜ ስክሪንና ኪቦርድ።

ደረጃ 1፦ ማሽኑን መምረጥና መፈተሽ

ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ የሚለው ምርጫ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ላፕቶፕ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ አጭር የመብራት መቆራረጥን ሳይጠፋ ያልፋል። ነገር ግን መብራቱ ረጅም ሰዓት ቆይቶ ባትሪው ካለቀ፣ መብራት ሲመጣ አብዛኛው ላፕቶፕ አንድ ሰው መጥቶ ቁልፉን ካልተጫነው አይነሣም። ዴስክቶፕ በተቃራኒው መብራት በሄደባት ቅጽበት ይጠፋል፤ ሆኖም መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሣ ማዘዝ ይቻላል። ስለዚህ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ከሆነና ቅዳሜና እሑድ የሚከፍተው ከሌለ ዴስክቶፕ ይምረጡ። ሰው ሁልጊዜ በአጠገቡ ያለ ቢሮ ከሆነ ላፕቶፕ ይሻላል፤ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል።

ዴስክቶፕ ከሆነ፣ ከመሰካትዎ በፊት ከኋላው በኩል የኃይል ማስገቢያውን ይመልከቱ። በአንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ማብሪያው 230 ላይ መሆን አለበት፤ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ የኃይል ሳጥኑ እዚያው ይቃጠላል።

ቀጥለው ሽፋኑን ይክፈቱና አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ ፋኑ በነፃነት መዞሩንም ያረጋግጡ። ይህ በተለይ ለኮምቦልቻ ሰዎች አስፈላጊ ነው፤ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለችና የምትሞቅ ከተማ በመሆኗ፣ በደሴ ብርድ ዓመት ሙሉ ድምፁን ሳያሰማ የሚሠራ ማሽን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ በቀትር ሙቀት ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ደሴ ላይ ደግሞ በክረምት ጉምና እርጥበት ስለሚበዛ ማሽኑን ከወለልና ከግድግዳ ራቅ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት።

የማዘርቦርዷን ክብ ባትሪ በአዲስ ይተኩ። ይህች ባትሪ መብራት በሌለ ጊዜ የማሽኑን ሰዓት፣ በብዙ አሮጌ ማሽኖችም ላይ የባዮሱን (ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራውን የማስነሻ ፕሮግራም) ምርጫዎች ይዛ የምታቆይ ናት። ከሞተች መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ «መብራት ሲመጣ ተነሣ» ያሉት ትእዛዝም ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ብዙ ማሽኖች ባትሪዋ መሞቷን ሲያውቁ ስክሪን ላይ «ኤፍ 1ን ተጫን» የሚል መልእክት አውጥተው ሰው እስኪመጣ ይቆማሉ።

ደረጃ 2፦ ዴቢያንን መጫን

የዴቢያንን ትንሹን የመጫኛ ምስል፣ ማለትም «ኔትኢንስት» የሚባለውን አውርደው ሩፉስ በተባለው ፕሮግራም ወደ ፍላሹ ይጻፉት። ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ አይበቃም፤ ማሽኑ ከፍላሹ መነሣት የሚችለው ምስሉ በዚህ መንገድ ሲጻፍ ነው። ከዚያ ማሽኑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ከፍላሹ ያስነሡት። ራውተሩ ኢንተርኔት ከሌለው የስልክዎን ዳታ በዩኤስቢ ገመድ ማጋራት ብዙውን ጊዜ ይሠራል።

በመጫኑ ሂደት ሁለት ቦታዎች ላይ ይጠንቀቁ፤ የቀረው በአብዛኛው «ቀጥል» እያሉ የሚያልፉት ነው።

የመጀመሪያው «ሩት» ለተባለው ዋና ተጠቃሚ ፓስወርድ ሲጠየቁ ነው። ቦታውን ባዶ ይተዉትና ይለፉ። ባዶ ሲሆን መጫኛው ቀጥሎ ለሚፈጥሩት ተራ ተጠቃሚ «ሱዶ» የሚባለውን የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ይሰጠዋል። ፓስወርድ ከሞሉበት ግን ይህ ሥልጣን አይሰጥም፤ በዚህ መመሪያ ውስጥ በ«ሱዶ» የሚጀምር ትእዛዝ ሁሉ እምቢ ይልዎታል።

ሁለተኛው መጨረሻ አካባቢ የሚመጣው የሶፍትዌር ምርጫ ዝርዝር ነው። ከ«ዴስክቶፕ» ጀምሮ ያሉትን ምልክቶች ሁሉ አንሥተው «ኤስኤስኤች ሰርቨር» እና «ስታንዳርድ ሲስተም ዩቲሊቲስ» የሚሉትን ሁለቱን ብቻ ይምረጡ። እዚያው «ዌብ ሰርቨር» የሚል ምርጫ ያያሉ፤ ሥራችን ዌብ ሰርቨር ስለሆነ እጅዎ ወደዚያ ይሄዳል፤ ነገር ግን አይምረጡት። ያ ምርጫ አፓቼ የተባለውን ሌላ ሰርቨር ይጭናል፤ አፓቼ ፖርት 80ን፣ ማለትም ዌብ ሰርቨር ጥያቄ የሚቀበልበትን የኔትወርክ በር፣ ቀድሞ ስለሚይዝ በኋላ ላይትቲፒዲ የሚቆምበት ቦታ ያጣል።

ደረጃ 3፦ ላይትቲፒዲን መጫን

ማሽኑ ተነሥቶ ስምና ፓስወርድ ካስገቡ በኋላ እነዚህን ሁለት ትእዛዞች በቅደም ተከተል ይስጡ፦

«ሱዶ አፕት አፕዴት»
«ሱዶ አፕት ኢንስቶል ላይትቲፒዲ»

የመጀመሪያው የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ያድሳል፤ ዝርዝሩ ካልታደሰ ማሽኑ የሌለ አሮጌ ፋይል ፍለጋ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛው ይጭናል። በዴቢያን ላይ ሰርቨሩ ተጭኖ እንዳለቀ ወዲያው ይጀምራል፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥርም አብሮ እንዲነሣ ይመዘገባል። ይህን ለማረጋገጥ «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ላይትቲፒዲ» ብለው ይጠይቁ። በመልሱ ውስጥ «አክቲቭ» እና «ኢኔብልድ» የሚሉትን ሁለት ቃላት መፈለግ አለብዎት። የመጀመሪያው አሁን እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ሁለተኛው ነገም መብራት ሲመጣ ይነሣል ማለት ነው። «ዲሴብልድ» የሚል ካዩ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል ላይትቲፒዲ» ይበሉ።

ደረጃ 4፦ የማይለወጥ አድራሻ መስጠት

«አይፒ ኤ» ብለው ሲጽፉ ማሽኑ አሁን ያለበትን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.0.107 የሚመስል ቁጥር ያሳይዎታል። ይህ አድራሻ ራውተሩ ያበደረው በመሆኑ ነገ ሊለወጥ ይችላል፤ ግድግዳ ላይ የለጠፉት አድራሻም ያን ቀን ዋጋ ያጣል።

ብዙዎች ይህን የሚፈቱት ራውተሩ ውስጥ ገብተው አድራሻውን ለሰርቨሩ በማስያዝ ነው። መንገዱ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ እኔ አልመርጠውም። ምክንያቱም መብራት ሲመጣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ ራውተሩ ከሰርቨሩ ዘግይቶ ከተዘጋጀ ሰርቨሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ይቀርና ለደቂቃዎች ያለ አድራሻ ሊቆይ ይችላል። አድራሻው በራሱ በሰርቨሩ ውስጥ ከተጻፈ ግን ማንንም አይጠብቅም።

በመጀመሪያ የራውተሩን ገጽ ከፍተው ለስልኮችና ለኮምፒውተሮች የሚያድላቸው ቁጥሮች ከየት እስከ የት እንደሆኑ ይዩ። ለምሳሌ ከ100 እስከ 199 የሚያድል ከሆነ ሰርቨሩን 50 ላይ ያድርጉት፤ ከሚያድለው ውስጥ ከወሰዱ ያንኑ ቁጥር አንድ ቀን ለተማሪ ስልክ ይሰጥና ሁለቱ ይጋጫሉ። ከዚያ «ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ኔትወርክ/ኢንተርፌስስ» ብለው ፋይሉን ይክፈቱ። «አይፌስ» ብሎ የሚጀምርና «ዲኤችሲፒ» ብሎ የሚያልቅ መስመር ያገኛሉ። «ዲኤችሲፒ» የሚለውን አጥፍተው በምትኩ «ስታቲክ» ይጻፉ፤ ከሥሩም እነዚህን ሁለት መስመሮች ይጨምሩ፦

«አድረስ 192.168.0.50/24»
«ጌትዌይ 192.168.0.1»

በመጀመሪያው መስመር ያለው የላቲን ቃል ሁለት «ዲ» እና መጨረሻው ላይ ሁለት «ኤስ» አለው። የእርስዎ ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ ሦስተኛውን ቁጥር በሁለቱም መስመሮች ላይ ያስተካክሉ። ለማስቀመጥ «ኮንትሮል» ከ«ኦ» ጋር፣ ለመውጣት «ኮንትሮል» ከ«ኤክስ» ጋር ይጫኑና «ሱዶ ሪቡት» ብለው ማሽኑን ያስነሡት።

አሁን ከሌላ ኮምፒውተር ብራውዘር ላይ አድራሻውን ይጻፉ፤ ከፊቱ «ኤችቲቲፒ» የሚለውን ያለ መጨረሻው «ኤስ» ሙሉውን መጻፍ አይርሱ። አዳዲስ ብራውዘሮች ካልተነገራቸው «ኤስ» ያለውን ሊያስቀድሙ ይችላሉ፤ የእኛ ሰርቨር ደግሞ በዚያ በኩል አይመልስም። የላይትቲፒዲ የሰላምታ ገጽ ከታየ እዚህ ድረስ ያለው ሥራ ተሳክቷል።

ደረጃ 5፦ ፋይሎችን ማስገባት

ሰርቨሩ የሚያሳየው «/ቫር/ደብልዩደብልዩደብልዩ/ኤችቲኤምኤል» በተባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ነው። ፎልደሩ የአስተዳዳሪው ስለሆነ መጀመሪያ ለራስዎ ተጠቃሚ ያድርጉት፦ «ሱዶ ቻውን -አር» ብለው የተጠቃሚ ስምዎን፣ ከዚያ የፎልደሩን ሙሉ ስም ይጻፉ። እዚህ ላይ «አር» ትልቁ ሆሄ ነው። ከዚህ በኋላ ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ሆነው ዊንኤስሲፒ በተባለው ፕሮግራም ፋይሎቹን እየጎተቱ ማስገባት ይችላሉ፤ ሰርቨሩ አጠገብ መቀመጥም ሆነ ፍላሽ ይዞ መመላለስ አያስፈልግም።

ለፋይል ስም አወጣጥ ጊዜ ይስጡ። በላቲን ትንሽ ሆሄ፣ ክፍት ቦታ ሳይኖርበት፣ በቃላቱ መካከል ሰረዝ እየተደረገበት ቢጻፍ ጥሩ ነው። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ሆሄ እንደ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ስለሚቆጥር፣ በዊንዶውስ ላይ ይከፈት የነበረ ማገናኛ እዚህ «404»፣ ማለትም ፋይሉ አልተገኘም፣ ሊል ይችላል። በአማርኛ የተሰየመ ፋይልም ይከፈታል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ማስቀመጫ ሥርዓት (ኢንኮዲንግ) ሦስት ባይት ስለሚይዝ አድራሻው ሲገለበጥ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ታሪክ» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ስም 27 ምልክት ሆኖ በቴሌግራም ሲላክ ማንም አያነበውም። የአማርኛውን ርእስ በገጹ ውስጥ ያሳዩት፣ የፋይሉን ስም ግን በላቲን ይተዉት።

የመግቢያ ገጽዎን «ኢንዴክስ.ኤችቲኤምኤል» ብለው ይሰይሙት፤ ሰርቨሩ አንድ ፎልደር ሲጠየቅ እንደ መግቢያ ገጽ ከሚፈልጋቸው ስሞች አንዱ ይህ ነው። ገጹን ሲያስቀምጡ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ይመልከቱ፤ በገጹ ራስጌ ውስጥም «ቻርሴት» ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚገልጸውን መስመር ያስገቡ። አለበለዚያ አማርኛው ተሰባብሮ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ስለ ፋይል መጠን አንድ ስሌት ልስጥዎ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎች ማከፋፈያ) በተግባር 12 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚያሳልፈው። 30 ሜጋባይት የሆነ መማሪያ መጽሐፍ 40 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቢከፍቱ ጠቅላላው 1,200 ሜጋባይት ይሆናል፤ ይህም በጥሩ ኬብል ላይ እንኳን 100 ሰከንድ ይፈጃል፣ በአንድ ተራ ዋይፋይ ላይ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ መጽሐፉን በምዕራፍ በምዕራፍ ከፋፍለው ያስገቡት። ክፍሉ ሲዘገይ የሚወቀሰው ሰርቨሩ ነው፤ ማነቆው ግን ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ዋይፋዩ ነው።

ደረጃ 6፦ ማዋቀሪያውን ፋይል ማስተካከል

የሰርቨሩ ማዋቀሪያ «/ኢቲሲ/ላይትቲፒዲ/ላይትቲፒዲ.ኮንፍ» የተባለው ፋይል ነው። ከመንካትዎ በፊት «ሱዶ ሲፒ» በሚለው ትእዛዝ ቅጂ ያስቀሩ። የሚበላሸው ጊዜ ሲመጣ ወደ ሚሠራው ሁኔታ የሚመልስዎ ይኸው ቅጂ ብቻ ነው።

ለትምህርት ቤት የምመክረው አንድ ለውጥ ብቻ ነው። በፋይሉ መጨረሻ ላይ ይህን መስመር ይጨምሩ፦

«ዲር-ሊስቲንግ.አክቲቬት = "ኢኔብል"»

ይህ ሲሆን የመግቢያ ገጽ የሌለው ፎልደር በውስጡ ያሉትን ፋይሎች በዝርዝር ያሳያል። የባዮሎጂ መምህሯ ማስታወሻዋን ወደ ራሷ ፎልደር ትጥላለች፣ ተማሪው ወዲያው ያየዋል፤ ገጽ መጻፍ የሚችል ሰው መጠበቅ አያስፈልግም። የትእምርተ ጥቅሱ ምልክት ቀጥ ያለው፣ ከኪቦርዱ በቀጥታ የሚጻፈው መሆን አለበት። ከወርድ ወይም ከቴሌግራም የተቀዳ ጠመዝማዛ ጥቅስ ለዓይን ልዩነቱ ባይታይም ሰርቨሩ አይቀበለውም። በመስመሩ መጨረሻ ነጠላ ሰረዝም ሆነ ድርብ ሰረዝ አይደረግም።

አሁን ከዚህ መመሪያ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ነጥብ ላይ ደርሰናል። ፋይሉን ካስቀመጡ በኋላ ሳይፈትሹ አይተዉት፦

«ሱዶ ላይትቲፒዲ -ቲ -ኤፍ /ኢቲሲ/ላይትቲፒዲ/ላይትቲፒዲ.ኮንፍ»

መልሱ «ሲንታክስ ኦኬ» ከሆነ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ላይትቲፒዲ» ብለው ያስነሡት። ስህተት ካለ ግን የመስመሩን ቁጥር ይነግርዎታል። ይህ ለምን ያስጨንቀኛል? እየሠራ ያለ ሰርቨር ማዋቀሪያውን የሚያነበው ሲነሣ ብቻ ነው። ፋይሉን አበላሽተው ሪስታርት ሳያደርጉ ቢወጡ ገጹ ዛሬም ነገም እንደ ወትሮው ይከፈታል፤ ስህተቱ የሚገለጠው ከሳምንታት በኋላ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ እርስዎ የነኩትን እንኳን በረሱበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም «መብራቱ አበላሸው» ይላል።

ደረጃ 7፦ መብራት ሲመጣ እንዲነሣ ማድረግና መሞከር

ማሽኑን አጥፍተው ሲያስነሡ ወደ ባዮስ ይግቡ፤ በዴል ማሽኖች ላይ ኤፍ 2፣ በኤችፒ ላይ ደግሞ ኤፍ 10 ነው። በዴል «ኤሲ ሪከቨሪ»፣ በኤችፒ «አፍተር ፓወር ሎስ» የሚባለውን ምርጫ ፈልገው «ፓወር ኦን» ወይም «ኦን» ያድርጉት። «ላስት ስቴት» የሚለው ማሽኑን ወደ ነበረበት ሁኔታ የሚመልስ ነው። በሩን የሚዘጋ ሰው ዓርብ ማታ በደንብ አጥፍቶት ከሄደ ሰኞ ጠዋት እንደጠፋ ይቆያል፤ ስለዚህ አልመርጠውም።

ሰርቨሩን ያለ ኪቦርድ የሚያስቀምጡ ከሆነ እዚያው ባዮስ ውስጥ ስለ ኪቦርድ ስህተት የሚናገረውን ምርጫ ያጥፉት። አንዳንድ ማሽን ኪቦርድ ሲያጣ «ኪቦርድ አልተገኘም፣ ኤፍ 1ን ተጫን» ብሎ ይቆማል፤ የሌለ ኪቦርድ ተጫን ማለቱ ነው፣ ነገር ግን በእርግጥ ይቆማል። ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑን ክፍት ይተዉት፤ ሲዘጋ እንቅልፍ ሊገባው ይችላል፣ ሙቀቱም በኪቦርዱ በኩል መውጣት አለበት።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። ጠቃሚ ፋይል ገና ሳይበዛበት፣ ማሽኑ ምንም ሳይጽፍ ባለበት ሰዓት፣ ሰርቨሩና ራውተሩ የተሰኩበትን ዲቫይደር ከግድግዳው ይንቀሉት። ግማሽ ደቂቃ ጠብቀው መልሰው ይሰኩት። ማሽኑን አይንኩት፣ ስክሪንም አይክፈቱ። ስልክዎን ይዘው ወደ ውጭ ይውጡና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ገጹን ይክፈቱ። ከተከፈተ ሥራው አልቋል። ካልተከፈተ ዛሬ እርስዎ ባሉበት ማወቁ ይሻላል፤ ስክሪኑን ሰክተው የት ላይ እንደቆመ ያንብቡ።

ደረጃ 8፦ ተማሪዎቹን ማገናኘት

የዋይፋዩን ስምና የሰርቨሩን አድራሻ በትልቁ ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፉ። ስልኮች ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ ሲያገኙ «ኢንተርኔት የለም፣ ግንኙነቱ ይቀጥል?» የሚል ጥያቄ ያወጣሉ። ተማሪው «አዎ» ማለት አለበት፤ ዝም ካለው ስልኩ ሹልክ ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ይመለስና ገጹን በዚያ በኩል ይፈልገዋል። ገጹ አልከፈት ካለ በመጀመሪያ ዳታውን እንዲያጠፋ ይንገሩት።

ማስጠንቀቂያዎች

የላፕቶፑ ባትሪ አብጦ ከሆነ፣ ማለትም የጣት መዳሰሻው (ታችፓዱ) ወይም የታችኛው ሽፋን አብጦ ወይም ከቦታው ተነሥቶ ካዩት፣ ያን ማሽን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት። ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ የሚውል ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

በክረምት መብረቅ ሲበዛ የኃይሉን ገመድ ብቻ ሳይሆን ከውጭ ወደ ራውተሩ የሚገባውን የስልክ ወይም የአንቴና መስመርም ይንቀሉ። መብረቅ በሁለቱም በኩል ይገባል።

የተማሪ ውጤት፣ የሠራተኛ ደመወዝ ወይም የመታወቂያ ቅጂ እዚህ ሰርቨር ላይ በፍጹም አያስቀምጡ። በዋይፋዩ የገባ ሁሉ ሁሉንም ያያል። በራውተሩ ላይ ፖርት ከፍተው ሰርቨሩን ወደ ኢንተርኔት አያውጡት፤ ይህ መመሪያ ለግቢ ውስጥ አገልግሎት ብቻ የተዘጋጀ ነው። አልፎ አልፎ ኢንተርኔት ሲያገኙ «ሱዶ አፕት አፕዴት» እና «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ብለው ያድሱት።

ማሽኑን ማጥፋት ሲያስፈልግ የኃይል ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጭኖ መልቀቅ በቂ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ በሥርዓት ይጠፋል። እስኪጠፋ ተጭኖ መያዝ ግን ሶኬት ከመንቀል አይለይም። ይህንን የክፍሉን ቁልፍ ለያዘው ሰው ያስረዱት።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

• ሰርቨሩ አልነሣም ብሎ «አድረስ ኦልሬዲ ኢን ዩዝ» ካለ ፖርት 80ን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። አብዛኛውን ጊዜ በደረጃ 2 ላይ በስህተት የተመረጠው አፓቼ ነው። «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዲሴብል --ናው አፓቼ2» ብለው ያቁሙት። «ናው» የሚለው ከተተወ ዛሬ ሳይቆም ይቀራል፤ «ስቶፕ» ብቻ ካሉት ደግሞ መብራት ሲመጣ እንደገና ቀድሞ ይነሣል።

• «403» ማለት ፋይሉ አለ፣ ሰርቨሩ ግን እንዲያነበው አልተፈቀደለትም ማለት ነው። የፎልደሮች ፈቃድ 755፣ የፋይሎች ደግሞ 644 መሆን አለበት፤ በዊንኤስሲፒ ላይ ፋይሉን በቀኝ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ያስተካክሉታል። 777 የሚል ምክር ቢሰሙ አይቀበሉት፤ ለማንም እንዲጽፍበት መፍቀድ ነው።

• በኬብል ከተገናኘ ኮምፒውተር ይከፈታል፣ ከስልክ ግን አይከፈትም ከሆነ ስልኮቹ የገቡት በራውተሩ የ«ጌስት» ዋይፋይ ሊሆን ይችላል። ያ ዋይፋይ እንግዶችን ከውስጥ ማሽኖች ለመለየት የተሠራ ነው። «አይሶሌሽን» የሚባል ምርጫ በዋናው ዋይፋይ ላይ በርቶ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው፤ ያጥፉት።

• መጻሕፍቱን በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ አድርገው ማሽኑ ሲነሣ ራሱ እንዲከፍተው ካዘዙ፣ ዲስኩ በተነቀለበት ቀን ማሽኑ እርሱን እየጠበቀ ሙሉ በሙሉ ሳይነሣ ይቀራል። «/ኢቲሲ/ኤፍስታብ» በተባለው ፋይል በዚያ ዲስክ መስመር ላይ «ኖፌይል» የሚለውን ቃል ከሌሎቹ ምርጫዎች ጋር በነጠላ ሰረዝ ለይተው ይጨምሩ። ከተቻለ ግን ፋይሎቹን በውስጠኛው ዲስክ ላይ ያድርጉ።

• የስህተት መዝገቡ «/ቫር/ሎግ/ላይትቲፒዲ/ኤረር.ሎግ» ውስጥ ነው። እዚያ 14:20 የሚል ካነበቡ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8:20 ነው፤ ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የመዝገቡ ሰዓት ይህ ከታሰበ በኋላም ከእውነተኛው ሰዓት በትክክል በሦስት ሰዓት የሚለይ ከሆነ ሲጫን የሰዓት ቀጠናው በትክክል አልተመረጠም፤ «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ይበሉ፤ እዚህ ላይ አፍሪካ፣ አዲስና አበባ በትልቅ ሆሄ ይጀምራሉ። ቀኑ በዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ካገኙት ግን ክብ ባትሪዋ ሞታለች፤ ይተኳት፣ ማሽኑን አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኙት፣ ባዮሱ ውስጥም ገብተው በደረጃ 7 የመረጡት አሁንም እንዳለ ይመልከቱ።